ታሪክ የሌለው ብር በሚዛን ይሸጣል

የዚህን ወር ጨዋታችንን በጥያቄ ልጀምረው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ጥግ ወይም ከአሮጌው ሻንጣ ሥር፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር አለ? ካለስ ማን እንዳመጣው ታውቃላችሁ? ምን ተሽጦበት፣ ምን ተገዝቶበት፣ በማን እጅ አልፎ እናንተ ጋ እንደደረሰስ?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙዎቻችን እንመልሳለን። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ "እሱን እንኳ እማዬ ናት የምታውቀው" እንላለን። ሦስተኛው ላይ ዝም ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ዝምታ ነው። ዝምታውን ለመስበር ዕድሜያቸውን ስለሰጡ ሰብሳቢዎች፣ ሙዚየም አቁመው ስለመሩ ሰዎች፣ እኛም ለእነሱ ስለምንሰጠው ክብር እንጨዋወታለን።

እንደምታውቁት እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የምውለው "ይህ ዕቃ ለምን ይህን ያህል ያወጣል?" ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ሥራዬ ካስተማረኝ ነገር አንዱ ይህ ነው፦ ሁለት አንድ ዓይነት ዕቃ ገበያ ላይ ብታስቀምጡ፣ ታሪኩ የሚታወቀው በታሪኩ ይሸጣል፤ ታሪኩ የማይታወቀው በኪሎ ይመዘናል። ይህ ለቡናም ለቀሚስም ይሠራል። በሳጥናችን ላለው ብር ደግሞ ቃል በቃል ይሠራል።

መኳንንቱና ሳንቲሞቻቸው

በአውሮፓ ከታላላቆቹ ሙዚየሞች ብዙዎቹ የተወለዱት ከመኳንንት ቤት ነው። መሳፍንቱ አደንና ፈረስ ግልቢያ ሲሰለቻቸው አሮጌ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። ሳንቲም ትንሽ ነው፣ አይበሰብስም፣ በአንድ መሳቢያ ውስጥ የብዙ ነገሥታት ታሪክ ይይዛል። በሃንጋሪ ካውንት ፈረንስ ሴቼኒ እ.ኤ.አ. በ1802 የሳንቲም ስብስባቸውንና መጻሕፍታቸውን ለሀገራቸው አበረከቱ። የሃንጋሪ ብሔራዊ ሙዚየም የተመሠረተው ከዚያ ስጦታ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በፖላንድ የካውንት ኤመሪክ ሁተን ቻፕስኪ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1903 የሟቹን የሳንቲም ስብስብ ለክራኮቭ ከተማ ሰጠ፤ ሙዚየሙ ዛሬም የእሳቸውን ስም ይዞ ክፍት ነው።

እንዲህ ያሉ ሙዚየሞች መሥራቻቸውን የሚዘክር ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ ልብ የምለው አንድ ነገር አለ። የሚያሳዩት ወርቁንና ብሩን ብቻ አይደለም፤ ሰውየውንም ያሳያሉ። ዕቃውን በምን ገንዘብ ገዛ? ከማን ተቀበለ? ለምን ሸጦ አልከበረበትም? ጎብኚው ሲወጣ የሚያስታውሰው የሳንቲሙን ዓመተ ምሕረት ሳይሆን የሰብሳቢውን ልብ ነው።

ነገር ግን መኳንንትና ሳንቲም ሲነሳ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚጎረብጥ ስም አለ። የጣሊያኑ ንጉሥ ሦስተኛው ቪክቶር ኤማኑኤል በዓለም ከታወቁ ሳንቲም ሰብሳቢዎች አንዱ ነበር። ከ100,000 በላይ ሳንቲም ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ስለ ጣሊያን ሳንቲሞች 20 ቅጽ የሆነ መዝገብ አሳተመ። በ1946 ዙፋኑን ሲለቅም ስብስቡን ለጣሊያን ሕዝብ ትቶ ሄደ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባመሰገንነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1936 ጦሩ ሀገራችንን ሲወር "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" የሚል ማዕረግ በራሱ ላይ የጫነው ይኸው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በተመቱት የጣሊያን ሳንቲሞች ላይ ስሙ "ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት" ከሚል አሕጽሮት ጋር ተቀርጿል። ሳንቲም የሚወደው ንጉሥ ያልተሰጠውን ማዕረግ በሳንቲም ላይ ጻፈ። በእሱ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ ወደ ሮም ተጫነ። የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዳግመኛ የቆመው በ2000 ዓ.ም.።

ስለዚህ መሰብሰብ ብቻውን በጎ ምግባር አይደለም። የማንን ዕቃ፣ ከማን፣ በምን መንገድ፣ ለማን ብሎ ሰበሰበ? ለአንድ ሰብሳቢ ክብር ከመስጠታችን በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንጠይቅ። አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ።

የእኛዎቹ መሥራቾች

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በጠባቡ መንገድ መጨረሻ፣ ከእንጨት ተቀርጾ ያጌጠ አንድ ትልቅ ቤት አለ። የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል። የሕንድ ነጋዴ እንዳሠራው፣ ራስ ተፈሪም ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል። ዛሬ ቤቱ የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ነው። መሥራቹና ዳይሬክተሩ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ይባላሉ።

ሸሪፍ የሚለው ስም በሐረር የክብር ስም ነው፤ ከነቢዩ ዘር መወለድን ያመለክታል። እኔን የሚገርመኝ ግን የስሙ ክብር አይደለም፤ የሰውየው ትዕግሥት ነው። አቶ አብዱላሂ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየቤቱ የተበተነውን የሐረር ቅርስ መልቀም ጀመሩ፦ በእጅ የተጻፉ የጥንት መጻሕፍት፣ የሐረር አሚሮች ያስመቱዋቸው ሳንቲሞች፣ ጎራዴና ጦር፣ ስፌት፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ ዘፈንና ዝክር ቅጂዎች። መጀመሪያ ሙዚየሙን ያደረጉት የገዛ መኖሪያ ቤታቸውን ነበር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ስብስቡ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ተዛወረ። የተበጣጠሱትን መጻሕፍት ለማከም ደግሞ ራሳቸው የጥገናና የጥረዛ ሙያ ተማሩ።

ከሥራቸው ለእኔ ሙያ ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ እምነት የማግኘት ጥበባቸው ነው። ሰው ከአያቱ የወረሰውን መጽሐፍ ወይም ሳንቲም ለማያውቀው ሰው አሳልፎ አይሰጥም። አቶ አብዱላሂ የሰበሰቡትን መልሰው ለባለቤቱ ለሐረር ሕዝብ አሳዩት። ያየ ሰው የጎረቤቱ ዕቃ በክብር ተቀምጦ ሲያገኘው የራሱንም ይዞ መጣ። እኛ "የደንበኛ አመኔታ" እያልን ዓመታዊ ዕቅድ የምንጽፍለትን ነገር እሳቸው በር እያንኳኩ ሠሩት።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ስድስት ኪሎን እናገኛለን። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ። ከቤተ መጻሕፍቱና ከሙዚየሙ በስተጀርባ ደግሞ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ነበሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው መጥተው የሀገራችንን ሥዕሎች፣ መስቀሎችና የባህል ዕቃዎች ሲሰበስቡ ኖሩ። ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን ሄደን የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል፣ ቀጥሎም ግድግዳውን የሞሉትን የማርያም ሥዕሎች ስናይ፣ አብዛኛው መሠረት የተጣለው በእኒህ ሰው እጅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብ ታሪክም ብዙ ጽፈዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ፣ ከመቅደላ የተዘረፈውም ቅርስ ወደ ሀገሩ እንዲገባ ለዓመታት ታግለዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ በአርበኞቻችን ጎን ነው። ንጉሡ ሳንቲም ሰብስቦ ሐውልታችንን ወሰደ፤ ፕሮፌሰሩ የሳንቲማችንን ታሪክ ጽፈው ሐውልታችንን አስመለሱ። ሁለቱም ሰብሳቢዎች ናቸው። የትኛው ክብር እንደሚገባው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ሳንቲም ሲናገር

አሁን ሰብሳቢዎቹ ምን እንዳዩ እንይ። ለምንስ አንድ ሰው ለትንሽ ብረት ዕድሜውን ይሰጣል?

ከአክሱም እንጀምር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በራሱ ስም ሳንቲም አስመታ። በዚያ ዘመን የራሳቸውን የወርቅ ሳንቲም የሚያስመቱ መንግሥታት በጣም ጥቂት ነበሩ። በወርቁ ላይ የንጉሡ ፊት አለ፤ ግራና ቀኙን ሁለት የእህል ዘለላዎች ከበውታል። አስቡት፣ ንጉሡ ከፊቱ አጠገብ እንዲቀረጽ የመረጠው ሰይፍ ሳይሆን እህል ነው። ንጉሥ ዋዜባ ጽሑፉን በግዕዝ አደረገው። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ አናት የነበሩት ጨረቃና ክብ ወጥተው መስቀል ገባ። መስቀልን በሳንቲም ላይ ካኖሩት የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ መቼ ክርስቲያን እንደሆነች ለሚጠይቅ ልጅ ሁለት ሳንቲም ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው።

ከሁሉም እኔ የምወደው ግን ለተራው ሕዝብ በተመቱት የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በግሪክኛ የተጻፈውን ነው። "ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ" እንደማለት ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የነበረ መንግሥት በትንሹ ገንዘቡ ላይ ይህን ጻፈ። የእኔ ሙያ ሰዎች ይህን ቢያዩ "መፈክር እንዲህ ነው!" ይሉ ነበር።

ቀጥለን ሐረርን እንይ። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባል የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። በላዩ ላይ የአሚሩ ስምና የሂጅራ ዓመት ይጻፋል። ትንሽና ስስ ነው፤ ከልጅ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን አንዲት በግንብ የተከበበች ከተማ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ሕግ፣ የራሷ ገንዘብ እንደነበራት የሚመሰክር ሰነድ ነው። አቶ አብዱላሂ ባይለቅሙት ኖሮ ስንቱ ቀልጦ ቀለበት በሆነ ነበር።

ከዚያም የብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ ያለው መጣ፦ ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር። ክብደቱ ወደ 28 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከመቶ 83 እጅ ንጹሕ ብር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትመለከቱ 1780 ይላል፤ እቴጌይቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ሁሉም ላይ ያው ነው! እሷ ከሞተች በኋላ ይህ ሳንቲም ለእኛና ለዓረብ ገበያ ሲባል ዓመቱ ሳይቀየር ከመቶ ዓመት በላይ ተመታ። አያቶቻችን ከመቀበላቸው በፊት የጡቷን ጌጥና የዘውዷን ዕንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥሩ ነበር፤ ነጠብጣቡ ካልታየ አይቀበሉም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ለስንቅና ለከብት የሚከፍለውን ጠገራ ብር በቪየና አስመትቶ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጣሊያን ለወረራው ሲዘጋጅ ያንኑ ሳንቲም ሮም ውስጥ መታ። እናንተ ቤት ያለው የትኛው ነው? 1780 የሚለው ቁጥር አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የቤታችሁ ታሪክ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህንን አይተው የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመቱ፤ 1887 ዓ.ም. የሚል አለበት። በአንድ ፊት የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳና "ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚል ጽሑፍ። ብር፣ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽ ተባለ። ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ የለመዳትን የውጭ እቴጌ ማመን ቀጠለ። አዲስ ነገር ይዞ ገበያ መግባት ለንጉሠ ነገሥትም ከባድ ነው! ጠገራ ብርን ከገበያ ያስወጣው በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ነው። ስሙ ግን ቀረልን። ዛሬ በሞባይል ስንልክም "ብር" የምንለው ያንን ነጭ ማዕድን እየጠራን ነው።

የአክስቴ ሰባት ጠገራ

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ባለፈው ክረምት በቤተሰባችን ውስጥ ስለ ሰባት ጠገራ ብር ክርክር ስለተነሳ ነው። አክስቴ አቃቂ በሰቃ ነው የምትኖረው። ሟቹ ባሏ ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ትልቋ ልጇ የልጇን የኮሌጅ ክፍያ መክፈል አቅቷት "እማዬ፣ እነዚያን ብሮች እንሽጣቸውና ልጁ ይመዝገብ" አለች። ትንሹ ወንድሟ "የአያታችንን ብር? በጭራሽ!" አለ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ብር ቤት ወስደው አስጠየቁ። ሰውየው ሰባቱንም ሚዛን ላይ ጣላቸው። 200 ግራም ገደማ። ስለ ማንም አልጠየቀም፤ መጠየቅም የእሱ ሥራ አይደለም። የነገራቸው የግራም ሒሳብ ነበር። እንደሚቀልጡም አልደበቀም።

እውነቱን እንነጋገር። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ገብቶ "ቅርስ አይሸጥም" ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ የልጁን ክፍያ ግን ሰባኪው አይከፍልም። ቅርስ ይጠበቅ ስንል የድሃን ቤት ጾም አሳድረን መሆን የለበትም። በሐረርም ቢሆን ብዙው ቅርስ ከቤት የወጣው ባለቤቱ ስለናቀው ሳይሆን ስለቸገረው ነው።

እሑድ ተሰብስበን ቡና ሲፈላ አክስቴን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "አክስቴ፣ እነዚህ ብሮች ከየት መጡ?" ልጆቿ ጭምር ዝም ብለው አዳመጧት። አራቱ የባሏ ናቸው፤ እሱም ከአባቱ ወርሶ ነው፣ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። ሦስቱ ግን የእናቷ ናቸው። እናቷ ወጣት ሳሉ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ጣቢያው ላይ ቅቤና እርጎ ይሸጡ ነበር። ያገኙትን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው፣ ሌሊት ሌሊት ጣቶቻቸው የእቴጌይቱን የጡት ጌጥ እየዳሰሱ ይቆጥሩ ነበር። "ዓይናቸው ከደከመ በኋላም በጣታቸው ያውቁት ነበር" አለች። አንዱ ብር ላይ ቀዳዳ አለ፤ ለእሷ ክርስትና በማተብ ያሠሩላት ነው።

በዚያ ቀን ማንም ያልጠበቀው መፍትሔ መጣ። ወንድሟን ያስማማው ትልቋ ልጅ ራሷ ናት። አራቱ ይሸጡ፣ ልጁ ይመዝገብ፤ ሦስቱ ይቅሩ። የልጁ ድርሻ ደግሞ የቅድመ አያቱን ታሪክ ጽፎ ከሦስቱ ብር ጋር ማስቀመጥ ሆነ። ጽፏል፤ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። አክስቴ ፊደል ስለማይታያት እያነበበላት ሁለት ቦታ አርማዋለች።

አያችሁ? ታሪክ የነበራቸው ሦስቱ ቀሩ፤ ታሪካቸው የጠፋባቸው አራቱ በሚዛን ሄዱ። አራቱም የሆነ ሰው ጉልበትና ላብ ነበሩ። የሚናገርላቸው ግን አልነበረም።

አቃቂን ማን ይሰብስባት?

እኛ የአቃቂና የቃሊቲ ሰዎች ሙዚየም ሲባል ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ወደ አክሱም እናያለን። ሰፈራችን ግን በራሱ ሙዚየም የሚሞላ ነው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ የመለዋወጫ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረቱ ሥራ፤ የሀገሪቱ ኢንዱስትሪ ታሪክ ትልቅ ክፍል የተጻፈው በእኛ አባቶችና እናቶች እጅ ነው። የፋብሪካ መታወቂያቸው፣ የደመወዝ ወረቀታቸው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በር ላይ ቆመው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የባቡር ትኬታቸው የት ነው? አብዛኛው በየቤታችን ነው። ቤት ሲፈርስና ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ደግሞ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው።

ሴቼኒ ካውንት ነበሩ። አቶ አብዱላሂ ግን ከቤታቸው ነው የጀመሩት። ሙዚየም ለመመሥረት ማዕረግ አይጠይቅም፤ ጽናት ይጠይቃል። ከመካከላችሁ አንድ ጡረታ የወጡ አባት፣ አንዲት መምህርት፣ ወይም አንድ የድሮ ነገር የሚወድ ጎረምሳ ሊጀምረው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችሁ ካለ "ቆሻሻ ሰብሳቢ" አትበሉት። ይልቅ ቤቱ ሄዳችሁ ቡናውን ጠጡ፣ ያለውን አይታችሁ አመስግኑት።

ምስጋና ስል ደግሞ ሰውየው በሕይወት እያለ ነው። እኛ ሐውልት ማቆም የምንወደው ከአርባ ቀን ተዝካር በኋላ ነው። መሥራቾችን የሚዘክር ዐውደ ርእይ ግን ባለቤቱ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ይህን ያገኘሁት እንዲህ ነው" እያለ ቢያስረዳ ምንኛ ያምር ነበር! ከሞተ በኋላ የምናገኘው ዕቃውን ብቻ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በቤት የሚሠሩ ነገሮችን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ብሩን አትፈትጉት። በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማንጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የላይኛውን ቅርጽ ይበላዋል፣ ለሰብሳቢም ዋጋውን ይቀንሳል። ለጌጥ ብላችሁም አዲስ ቀዳዳ አትብሱ። ጥንት የተበሳው ግን ይኑር፤ ቀዳዳውም ታሪክ ነው።

ሁለተኛ፣ በላስቲክ አትጠቅልሉት። አንዳንድ ላስቲክ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙን ያበላሻል። ንጹሕ ወረቀት ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል፤ ቦታው ደረቅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱ። በሌላ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የማን ነበር፣ እንዴት አገኘው፣ መቼ ገደማ፣ ይህን የነገራችሁ ማን ነው። የነገራችሁን ሰው ድምፅ በስልካችሁ ቅረጹ። ወረቀቱ ከዕቃው አይለይ።

አራተኛ፣ ሕጉን እወቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግል እጅ ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ግን የማስመዝገብና በአግባቡ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው። መሬት ሲቆፈር የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ ደግሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መገለጽ አለበት። ይህ ለመሠረት ቆፋሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። በአክሱም ዝናብ ካጠበው ማሳ ላይ ሳንቲም ለቅሞ ለቱሪስት የሚሸጥ ልጅ ብዙ ነው፤ ገዥው እናንተ አትሁኑ። ከማሳው የወጣ ሳንቲም የት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ካልተመዘገበ ግማሽ ታሪኩ እዚያው ቀርቷል።

አምስተኛ፣ መሸጥ ግድ ከሆነባችሁ አትሸማቀቁ። ግን ከመሸጣችሁ በፊት ታሪኩን ጻፉ፣ ፎቶውን አንሱ። መጀመሪያም ሙዚየም ወይም ዕቃውን የማያቀልጥ ሰብሳቢ ጠይቁ። ጥናትና ምርምር ተቋሙ እንኳ ለሙዚየሙ ቅርስ በመግዛት የሚያግዝ የወዳጆች ማኅበር አለው። አንጥረኛው ጋ መሄድ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን።

ስድስተኛ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ሂዱ። ሐረር የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ጀጎልን ሳታዩ አትመለሱ። ከዕቃው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አስጎብኚውን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ "ይህን የሰበሰበው ማን ነው?" ጎብኚ ደጋግሞ ሲጠይቅ ሙዚየሙ መልሱን ይጽፋል። በእኔ ሙያ ገበያውን የሚመራው የደንበኛው ጥያቄ ነው፤ በሙዚየምም ያው ይመስለኛል።

የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ደግሞ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዶሮው እስኪወጣ ድረስ፣ ያችን የተቋጠረች ጨርቅ አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቱ። ታላላቆቻችሁ ይናገሩ፣ ታናናሾቻችሁ ይጻፉ። ምናልባት ስለ አንዷ ብር ሁለት ሰዎች የተለያየ ታሪክ ይነግሯችሁ ይሆናል። ሁለቱንም ጻፉት።